ወደ ምሥራቅ የሚያመለክተው ቀስት

ካፒቴኑ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በቡጢ ይመታዋል።

«ሠላሳ አንድ ቀን! እመቤቴ፣ ካርታዎ ዘጠኝ ቀን ይበቃል ይላል፤ ሠላሳ አንድ ቀን! ቀስቱ ጅረቱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል ይላል፣ ውሃው ደግሞ ወደ ምዕራብ ይጎትተኛል። የጫንኩት ሽንኩርት እንዳለ በቀለ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አትክልተኛ ሆኜ ነው የገባሁት!»

«እባክዎ ቀስ ብለው» እላለሁ፣ ከኋላዬ ያለውን በር እያየሁ። ምናለ በዓይን ባይምል።

ከበሩ ወዲያ ታላቅ ወንድሜ መዳብ ይቀርጻል። የባሕር ጅረት ካርታዎች አሳታሚ እኔ ነኝ፤ እጁ ግን የእሱ ነው። መዳብ ላይ ሁሉም ነገር በግልባጭ ይቀረጻል፤ ወረቀት ላይ ቀኝ እንዲወጣ ግራ ይደረጋል። አርባ ዓመት ሙሉ ዓለምን ገልብጦ ሲቀርጽ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን አንድ ቀስት ግን ሳይገለብጠው አለፈ። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው እንደሆነ ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። ሻይ ከስኒው ውጭ ሲቀዳ «ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል» ይለኛል፣ እኔም አብሬው ጠረጴዛውን እወቅሳለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መሳሳቱን ከሰማ መቅረጫውን ያስቀምጣል፤ መቅረጫውን ያስቀመጠ ዕለት እሱንም አጣዋለሁ።

ይህንኑ ለካፒቴኑ በጆሮው እነግረዋለሁ። ቡጢው ይፈታል።

«ማን ይሙት፣ ወንድምዎ ጭራሽ አያዩም?» ይለኛል በሹክሹክታ። ሹክሹክታን የተማረው ማዕበል መሃል ስለሆነ ሦስተኛ ቤት ይሰማል።

በሩ ይከፈታል። ወንድሜ ማጉያ መነጽሩን ይዞ ይወጣል።

«ስለ ቀስቴ የሚያወራው ማነው?»

«ጋሼ፣ ደንበኛ ናቸው፤ ሊሄዱ ነው።»

ካርታው ላይ ያጎነብሳል። ጣቱን በኩራት የሚያሳርፈው ለጌጥ የተሳለው ዓሣ ነባሪ ጅራት ላይ ነው።

«ይኸውልህ፣ ወደ ምሥራቅ። ውሃው ወዴት ወሰደህ?»

ካፒቴኑ ጅራቱን ያያል፣ እኔን ያያል። «ወደ... ምሥራቅ፣ አባቴ።»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

ምራቁን ይውጣል። «ዘጠኝ።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

«ደስ ብሎኝ ነው!» ይላል፣ ላቡን እየጠረገ። «እንዲያውም ሁለት ካርታ ልጨምር ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሁለቱን ጠቅልዬ አስይዘዋለሁ። ባሕር ላይ እንዳያወጣቸው እየተማጸንኩ እስከ ደጅ እሸኘዋለሁ። «አይዞዎት» ይለኛል፣ «ሽንኩርት እጠቀልልባቸዋለሁ።»

ስመለስ ወንድሜ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ሠላሳ አንድ ቀን» ይላል። «የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ምስኪኑን ሰውዬ በውሸት አላብሽው እኮ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ሰሌዳውን አምጪ።»

የመዳብ ሰሌዳውን አመጣለሁ። መቅረጫውን አንስቶ እጀታውን በአውራ ጣቱ ይደባብሰዋል። ሊያስቀምጠው ነው ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስገልጥ ብረቱ እኔ መዳፍ ላይ ነው።

«የቀስቱን ጫፍ ፍቀሽ አጥፊው፤ በሌላው በኩል አዲስ ቅረጪ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ካፒቴኑን ልጥራልሽ?»

እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ጭረት መዳቡን ሲጥ ያደርገዋል። ወንድሜ ወንበሩን ይስባል፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ይከድናል፣ ጆሮውን ወደ ሰሌዳው ያስጠጋል።

«ጠለቀ» ይላል። «ቀለል አድርጊው። አሁንም ጠለቀ። ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ጉድጓድ አይደለም የምትቆፍሪው... እህ። እንደሱ። ቀጥዪ።»