የማስተዋል ምሳ ዕቃ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ልጅ ሲሞት «የሞት ምክንያት» በሚለው ቦታ ጥፋተኛው ሰው በስሙ ይጻፋል። በትንሿ ማስተዋል የሞት መዝገብ ላይ «ኢንጂነር ድልነሳ» ይላል። ሳይከድን የተወው የግንባታ ጉድጓድ በክረምት ውሃ ሞልቶ፣ ልጅቷን አስጥሞ ከሦስተኛ ክፍል አስቀራት። ስሙ የተጻፈበት ሰው ስምንተኛ ክፍልን እስኪጨርስ በሟቹ ወንበር ይማራል። ምሳውን የምትቋጥርለት የሟቹ እናት ናት።

እናቷ እናኑ ስድስት ዓመት ቋጠረች። ማስተዋል የምትወደውን ፍርፍር ግን አንድ ቀን እንኳ አላስቀመሰችውም፤ ሁልጊዜ ምስር ነበር።

ሰኔ ሠላሳ፣ ጢሙ የሸበተው ድልነሳ ካርዱንና ቢጫውን ምሳ ዕቃ ይዞ መጣ።

«እትዬ እናኑ፣ አማካዬ ሰባ ሁለት ነው። ለማለፍ የወላጅ ፊርማ ብቻ ቀረኝ።»

ካርዱን ከላይ እስከ ታች መረመረችው።

«ሒሳብ ሃምሳ አንድ? ልጄ ከዘጠና በታች አምጥታ አታውቅም። ስሟን አታሰድብ።»

በፊርማው ቦታ ላይ «ይድገም» ብላ ጻፈች።

ድልነሳ ጽሑፉን አነበበ። «ለእርስዎም እኮ ሌላ ዓመት ነው። በየጠዋቱ ለእኔ መቋጠሩ አልሰለቸዎትም?»

እናኑ ምሳ ዕቃውን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች።

«ምስሩን አልጨረስክም» አለችው። «ቁጭ በልና ብላ።»