ፊቱ የሳሳ ዱላ

የመጀመሪያው ቡጢ አገጩ ላይ ያርፋል። አጎቴ ከነበርጩማው ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ሲወድቅ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዞ ኖሮ የብሎን ሳጥኑ አብሮት ወርዶ ወለሉ ላይ ይበተናል።

"ሞረድከው!" እላለሁ። "ጉድ ሠራኸኝ፣ ጋሼ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድከኝ!"

"ምኑን?" ይላል እንደወደቀ። "ምኑን ነው የሞረድኩት?"

ምኑን ይለኛል ደግሞ! ደሜ ይፈላል። እኔ አንዴ ከተቆጣሁ ጆሮ የለኝም፤ እናቴ፣ የሱ እህት፣ ይህንኑ ስትለኝ ነው የኖረችው።

ነገሩ የሆነው አሁን፣ ከአስር ደቂቃ በፊት ነው፣ የውድድሩ መነሻ ላይ። የዱላ መርማሪዋ የያንዳንዳችንን ድራይቨር፣ ያን ለመጀመሪያው ረጅም ምት የምንይዘውን ባለ ትልቅ ጭንቅላት የጎልፍ ዱላ፣ ተራ በተራ ተቀብላ ትለካለች። ከመለኪያው ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ የብረት ኳስ የዱላውን ፊት ጠቅ ታደርግና ቁጥር ይወጣል። ፊቱ የሳሳ ዱላ ኳስ አርቆ ያስፈነጥራል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ከሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ካለፈ አይፈቀድም። የኔ ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት አለ። ደግማ ለካችው፣ ያው ነው።

"ይሄ አይገባም። ተራህ ሳይደርስ ሌላ ይዘህ ና" አለችኝ፣ ያለ አንዳች ክፋት። ከኋላዬ ግን አንዱ፣ "እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ያ ሁሉ ርቀት የክንድ አይደለም!" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። አራት ዓመት ለብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ ስለፋ ኖሬ፣ ዛሬ ካላለፍኩ ደግሞ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፣ በመጨረሻው ቀን አጭበርባሪ ተባልኩ። ዱላውን እዚያው ወርውሬ ወደዚህ፣ ወደ አጎቴ ዱላ መጠገኛ ክፍል፣ ሮጥኩ።

ወዴት ልሩጥ ታዲያ? በዚህ ሜዳ ዱላ መሞረድ የሚያውቅ አጎቴ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ዱላዎቹን በሁለት ረድፍ ሰቅሏቸዋል፤ ከላይ ለውድድር የተፈቀዱት፣ ከታች ቀይ ፕላስተር የለጠፈባቸው ያልተፈቀዱት። "ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርጩን ሊያጠፋ የሚመጣ ሰው ምን ቸገረው፣ አርቆ ይምታና ደስ ይበለው" እያለ በገዛ እጁ ነው የሚያሳሳላቸው። የኔንም ባለፈው ወር እጀታውን ልቀይርልህ ብሎ ወስዶ ሦስት ቀን አቆይቶታል። ከዚያ ወዲህ ኳሴ እንደ ጉድ ይርቃል። ሌላ ማን ይሆናል?

በአንገትጌው ይዤ አነሳዋለሁ። ስልሳ ያለፈው ሰው ነው፣ አይከብድም።

"እውነቱን አውጣ!"

"አልነካሁትም። አፈር ስሆን፣ አልነካሁትም። ደግሞ በእህቴ ልጅ..."

አላስጨርሰውም። ሁለተኛው ጥርሱን፣ ሦስተኛው ግንባሩን ያገኘዋል። አራተኛውንም እዚያው ግንባሩ ላይ እደግመዋለሁ። እጁን የሚያነሳው ፊቱን ለመሸፈን ብቻ ነው፤ አንዴ እንኳ አይመልስልኝም፤ እሱ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

"ኧረ በሕግ! ልትገድለው ነው እንዴ!" መርማሪዋ ናት። ሸሚዜን ከኋላ ጨምድዳ ትጎትተኛለች። በሌላ እጇ የኔን ዱላ ይዛለች።

"ይግደለኝ ተይው" ይላል አጎቴ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ።

"እየው!" ትለኛለች፣ የዱላውን ፊት አፍንጫዬ ሥር ደቅና። "መስመሮቹ ይታዩሃል? ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። የተሞረደ ቢሆን እነሱ ነበሩ ቀድመው የሚጠፉት። ይሄን ማንም አልሞረደውም።"

"ታዲያ ምን አሳሳው?"

"መምታት ነዋ! ብዙ ሲመታበት ብረቱ እየሳሳ፣ ኳሱም እየራቀ ይሄዳል። ሌላም ቦታ አጋጥሞኛል። ልነግርህ ስል መቼ ቆምክልኝ?"

በዚህ ዱላ ጠዋት ሃምሳ ኳስ፣ ከሥራ መልስ ሃምሳ፣ ዓመት ከመንፈቅ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ራሴ ነኝ ያሳሳሁት።

አጎቴ ጠረጴዛውን ይዞ ይነሳል። አንድ ጥርስ መዳፉ ላይ ይተፋና ከካቻቢቴው አጠገብ ያስቀምጠዋል።

"ለተራው ስንት ደቂቃ ቀረው?" ብሎ እሷን ይጠይቃል። እኔን አያየኝም።

"ስምንት።"

ከላይኛው ረድፍ አንዱን ያወርዳል። የዱላውን ጭንቅላት ይፈታል፣ የኔንም ይፈታል፣ የተፈቀደውን ጭንቅላት በኔ ዘንግ ላይ ይገጥማል፤ እጄ የለመደው ዘንግ ነውና። ብሎኑን ሲያጠብቅ ከአፉ የሚወርደው ደም እጀታው ላይ ይንጠባጠባል። በሸሚዙ እጅጌ ይጠርገዋል። መርማሪዋ በትከሻዋ አንግታ ባመጣችው መለኪያ ነካ ታደርገውና በጭንቅላቷ እሺ ትላለች።

"ጋሼ..." እላለሁ።

"ዝም በል። አታናግረኝ። ሂድና ምታ።"

ዱላውን ይዘረጋልኛል። ቀኝ እጄን እሰዳለሁ። ጣቶቼ አይታጠፉም። የእጄ ጀርባ እንደ ቡኮ ተነፍቷል። በግራዬ ጣቶቼን በግድ እጀታው ላይ ላጥፋቸው ስል ሕመሙ አሁን ገና ይመጣል፣ ከጣቴ እስከ ብብቴ። እጮሃለሁ። ዱላው ከእጄ ይወድቃል።

አጎቴ ይጠጋኝና እጄን ይይዛል። ስንጥቅ ሲፈልግ እንደሚያደርገው በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ይዳስሰዋል።

"ሁለት ቦታ ነው" ይላል።

ከውጭ ተራዬን ይጠራሉ። ቆይተው ደግመው ይጠራሉ። አጎቴ እጄን አልለቀቀም። ያን ሁሉ ቡጢ ችሎ እንባ ያልወጣው ሰው፣ አሁን የተሰበረ እጄን ይዞ ይንሰቀሰቃል።