ደረቅ ሶፍት

ሾፌሩ ተንበርክኮ አዲሱን የሽንት ቤት መቀመጫ እንደ ሕፃን አቅፎታል። መውጫው ከወለሉ ቱቦ አፍ ጋር አልገጥም ብሎ ከጠዋት ጀምሮ አሳሩን ሲያበላው ውሏል፤ አሁን ሁለት የጎማ ቀለበት ደራርቦ እንደ ምንም አስቀምጦታል። ቀስ ብሎ ይለቀዋል። አይወዛወዝም።

«አለቀ?» ይላሉ አባቱ ከኮሪደሩ።

«ትንሽ ነው አባባ። የሚያፈስ እንደሆነ ልየው።»

«ትንሽ ካልክ ቆየህ።»

እውነታቸውን ነው። አሮጌውን ነቅሎ የጣለው አዲሱ ይግጠም አይግጠም ሳይለካ ነው። የመኪና ሰው ነዋ፤ ብሎን ያለው ነገር ሁሉ ትንሽ ከታገሉት ይገባል ብሎ ያምናል። አሮጌው ዝቅ ያለ ነበር፤ አባቱ አንዴ ከተቀመጡበት ሰው ካልደገፋቸው አይነሱም። ይኼኛው ከፍ ይላል። ብቻቸውን ተቀምጠው ብቻቸውን ይነሳሉ፤ እህቱ ቁም ሳጥኑ ላይ ትታው የሄደችው የአዋቂ ዳይፐርም እዚያው አቧራ ይለብሳል።

ዳይፐሩ የመጣ ቀን አባቱ ምሳ አልበሉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ሱሪ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬም ቤት ለመዋል እንኳ በደንብ የተተኮሰ ሱሪ ካላደረጉ ከክፍላቸው አይወጡም። «ይኼን ከምታለብሱኝ ቅበሩኝ» ነበር ያሉት። ሲቀልዱ አልነበረም።

«ጎረቤት ላድርስዎት እንዴ?» ይላል ሾፌሩ ጭንቅላቱን ሳያዞር።

«በዚህ ዕድሜዬ የሰው በር እያንኳኳሁ ሽንት ቤት ልለምን? ሥራህን ሥራ።»

መቀመጫውን ከወለሉ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች በጣቱ ያስይዝና በቁልፍ ትንሽ ብቻ ያዞራቸዋል። አጥብቅ አጥብቅ እያለ እጁን ቢበላውም ይተዋል። ባለሱቁ አስጠንቅቆታል፤ «ሴራሚክ ነው ወንድሜ፣ እንደ መኪና ጎማ ካጠበቅከው ይሰነጠቅብሃል። ያዝ ካደረገ በኋላ እንዳትነካው» ብሎታል። ከዚያ ውሃውን ይከፍታል። ታንከሩ እስኪሞላ ጠብቆ ይለቀዋል፤ ውሃው እየተንደቀደቀ ይወርዳል።

ሶፍት ቆራርጦ የመቀመጫውን ሥር ዙሪያውን ያነጥፋል። ጠብታም ብትሆን ሶፍቱ ላይ ትታያለች። ውሃውን ደግሞ ይለቃል። ለማየት ሲያጎነብስ ፊቱ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ሶፍቱ ደረቅ ነው። ከፊትም ከኋላም፣ ቱቦው ጋም ደረቅ ነው። ብቻውን ፈገግ ይላል። ደስ ብሎታል፣ በጣም ደስ ብሎታል፤ «አባባ፣ ይምጡ» ሊል አፉን ሲከፍት ጉልበቱ ይረጥባል።

ውሃው ከኋላው ነው የመጣው። ደግሞ ለብ ያለ ነው።

ዞሮ ያያል። ቀጭኑ ፈሳሽ ከበሩ ተነስቶ በወለሉ ንጣፍ መሃል ለመሃል መጥቷል። አባቱ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። የሱሪያቸው አንደኛው እግር እስከ ነጠላ ጫማቸው ድረስ ጠቁሯል። የሚያዩት ልጃቸውን ሳይሆን መቀመጫውን ነው።

«አሁንም ያፈሳል» ይላሉ።

ሾፌሩ ደረቁን ሶፍት በመዳፉ ጠራርጎ ይሰበስብና ኪሱ ይከተዋል።

«አዎ አባባ። ያፈሳል።»

«ብሎኑ ላልቶ ነው።»

«ይመስለኛል። የኔ ጥፋት ነው።»

«ታዲያ አጥብቀው።»

ቁልፉን ያነሳል። ብሎኑ ላይ አግጥሞ የሚያዞር መስሎ ክንዱን ያወዛውዛል። አባቱ ግን የብሎንና የመርፌ ሥራ አይተው የማይጠግቡ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ከእጁ አልነቀሉም።

«አጥብቀው እንጂ» ይላሉ፤ ልመና ነው። «አጥብቀው፣ ልጄ።»

ያጠብቀዋል። ብሎኑ ይጮሃል፤ ከዚያ ከሥሩ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ፀጉር የምታክል መስመር ከብሎኑ ተነስታ በነጩ ሴራሚክ ላይ ወደ ላይ ትወጣለች።

«አሁን ይቆማል» ይላሉ አባቱ።