የተጠረገው ሜዳ

በቀበሌያችን በቁሐር ሚካኤል ያለውን የፈረስ መጋለቢያችንን የሩዝ ማሳ ከቦታል። ፈረስ የነበረው ሁሉ ፈረሱን ሸጦ ባጃጅ ገዝቷል። እኔ ግን እልህ ይዞኝ፣ ዘንድሮም ለጥምቀት ግልቢያ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተትሁ አፈሩን አስተካከልሁት።

ልጨርስ ስል ጎረቤቴ ሰውመሆን በሬዎቹን ጠምዶ መጣ።

«ዓለምብርሃን፣ ዞር በል! አርሼ ለክረምቱ ሩዝ ላዘጋጀው ነው።»

«ነገ ግልቢያ አለ።»

«ማን ሊጋልብ? አንተ በእሾህህ ላይ?»

«አንዲት እርምጃ ግባና እግርህን ባልሰብረው!» ብዬ ዱላዬን አነሳሁ።

ጅራፉን በሬዎቹ ላይ አወረደው። ከሜዳው ጠርዝ ንቅንቅ አላሉም። ሁለቱም በሬዎች ከሜዳው ማዶ ፈረስ ወደሚዞርበት መታጠፊያ አፍጥጠው ቆዩና፣ የሚሮጥ ነገር እንደሚከተሉ ሁሉ አንገታቸውን እኩል ከቀኝ ወደ ግራ አዞሩ። ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም።

ድንገት ነፋስ ፊታችንን መታን። ሳንነጋገር ሁለታችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። በመካከላችን፣ አሁን በጠረግሁት አፈር ላይ፣ የፈረስ ኮቴ ታትሟል።

«የማን ፈረስ ነው?» አለኝ ሰውመሆን፣ ድምፁ ሰልሎ።

ዱላዬን አወረድሁ። በሬዎቹ እንደገና ወደ መታጠፊያው ዞረው ነበር።