ሣባ የተወችው ድምፅ

ጉርድ ሾላ ፎቶ ኮፒ የሚሠራው ምሩጽ የሟች ሚስቱን የሣባን የድምፅ መልእክት በየቀኑ ያዳምጥ ነበር። ከእሷ የቀረለት ይህ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለ መልእክት ብቻ ነው። ሰሞኑን ግን መልእክቱን ሊከፍት ሲል ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ ይከለክለው ጀመር፦ «አደገኛ ፋይል ነው። ይጥፋ ወይስ ይፈቀድ?»

ዲግሪ አለኝ ባዩ የወንድሙ ልጅ ሃይለኣብ ሳቀበት።

«የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው ጋሼ። አንቲቫይረሱም እንደ እርስዎ ሰው አያምንም። ፍቀድ ይበሉት!»

ምሩጽ ስድቡን ዋጠው፤ የተማሩ ዘመዶቹን ስድብ ሲውጥ ነው የኖረው። ልጁ ሲወጣለት «ፍቀድ» የሚለውን ተጫነ።

«ምሩጽ፣ ሱቁን በደንብ ቆልፍ፤ እራቱ እንዳይቀዘቅዝ» አለች ሣባ። መልእክቱ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

«ደግሞ ይሄ ሰማያዊ ሸሚዝ አያምርብህም» አለች።

ሸሚዙን ከመገናኛ የገዛው ትናንት ነበር።