ገመዱ ተነቅሎ "አለሁ" ያለው ሰርቨር

የኔትወርኩን ገመድ ከሰርቨሩ ላይ ነቀልኩት...

ከላፕቶፔ ሆኜ "አለህ?" ብዬ ጠራሁት።

"አለሁ" አለኝ!

ገመዱ እኮ እጄ ላይ ነው... ጀርባዬ ላይ ያለው ላብ ቀዘቀዘ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰርቨር የቢሮው ዋና ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር የሚጠራው በአድራሻ ቁጥሩ ነው። ገመዱ የተነቀለ ማሽን ደግሞ መልስ መስጠት አይችልም። አለቀ!

ጊዜው 2007 ዓ.ም.፣ የየመን ጦርነት የጀመረ ሰሞን ነው። ቦታው ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ። የኔትወርክ ሠራተኛው ደግሞ እኔ።

አዲስ ሰርቨር ካስገባሁ ጀምሮ በየቀኑ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ይጠፋል... ሩብ ሰዓት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ሰባት ሰዓት ጅቡቲ ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። ቢሮው ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ በዚያ ሙቀት ውሻ እንኳ አይታይም። የአዲስ አበባው ቅርንጫፋችን ግን ሥራ ላይ ነው።

አለቃዬ ማዳም ዓዚዛ "ልደቱ፣ እስከ ማክሰኞ ካልተስተካከለ ፊኒ! ሻንጣህን ይዘህ ወደ አገርህ" ብላኛለች።

ማክሰኞ ደርሷል።

"አለህ?"

"አለሁ።"

በባዶው ሕንፃ ውስጥ ሌላ ማሽን በሰርቨሩ ቁጥር እየመለሰልኝ ነው...

የቢሮው ገመዶች ሁሉ ከሚሰኩበት ሳጥን ላይ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ገመድ በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኳት። ኮሪደሩን አለፈች... ደረጃውን ወረደች... ሁልጊዜ ተቆልፎ የማውቀው ዕቃ ቤት ገባች።

በሩ ገርበብ ብሏል።

ውስጡ ጨለማ ነው። በአሮጌ ወረቀት መሃል አንድ ያረጀ ኮምፒውተር በርቶ ያጉረመርማል። ፊት ለፊቱ ባዶ ወንበር... ነካሁት። ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ይሞቃል።

"ልጄ!"

ዘልዬ ዞርኩ። ዘበኛችን ጋሼ ገብረማርያም ናቸው። ጉንጫቸው በጫት አብጧል።

"አትንካው በማርያም! ሩብ ሰዓት ብቻ ታገሰኝ... ሰው ይመጣል።"

"ማነው የሚመጣው?"

"ይመጣል..." አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

የጫት ወሬ ነው ብዬ ናቅኳቸው። የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፣ የኤሌክትሪኩንም ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሰባት ሰዓት ከአምስት ይል ነበር።

የሰርቨሩን ገመድ መልሼ ስሰካ ኔትወርኩ ወዲያው ተስተካከለ። ማዳም ዓዚዛ "ብራቮ!" አለችኝ። ጀግና ሆኜ ዋልኩ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱን ላየው ወረድኩ።

ጋሼ በጨለማው ውስጥ፣ የጠፋው ስክሪን ፊት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል...

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ልጄን እየጠበቅኩ።"

ስርጉት ትባላለች። ከስድስት ዓመት በፊት ለቤት ሠራተኛነት በጀልባ ወደ የመን ተሻገረች። የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩት አባቷ ሊፈልጓት መጥተው እዚሁ ዘበኛ ሆነው ቀሩ። አንድ ጊዜ ብቻ በዚያ ኮምፒውተር ላይ በተከፈተላቸው የመልእክት አድራሻ ጻፈችላቸው... "እመቤቴ ሰባት ሰዓት ላይ ትተኛለች። በዚያ ሰዓት ጠብቀኝ።"

ጋሼ ማንበብ አይችሉም። ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሺያን አነበበላቸው፣ ማብሪያውንም አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያበሩታል...

የዚያን ኮምፒውተር ቁጥር ለአዲሱ ሰርቨር የሰጠሁት እኔው ነኝ። ጠዋት ጠርቼው ስላልመለሰ ባለቤት የሌለው መስሎኝ! እሱ በበራ ቁጥር ሰርቨሩ የሚጠፋው ለዚህ ነበር።

የሰርቨሩን ቁጥር ቀየርኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም... ገመዶቹን መልሼ ሰካሁ።

ስክሪኑ በራ። ሦስት መልእክት። የትናንት፣ ከሰባት ሰዓት ከዘጠኝ ጀምሮ የተላኩ።

"አባዬ፣ አለህ?"

"ጦርነቱ ደርሶብናል። አንዱ መኪና ወደ ወደቡ፣ አንዱ ወደ ሳዑዲ ድንበር ይሄዳል። ካለህ በጀልባ ወደ አንተ ልምጣ።"

"የለህም መሰለኝ... በቃ፣ ከሰዎቹ ጋር ወደ ድንበሩ ሄድኩ።"

"አለ! አባትሽ እዚሁ አለ!" ብዬ ጻፍኩ።

መልስ የለም...

ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ። "ምን ይላል ልጄ? አንብብልኝ!"

የመጀመሪያውን ብቻ አነበብኩላቸው።

አለቀሱ... ሳቁ... "ሰው ይመጣል አላልኩህም?" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያ መሳም እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስክሪኑ ዝም ብሏል።

ወዳጆቼ... ሥራችሁን ያስቸገረ ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት፣ ወዲያ ጫፉ ላይ ማን እንዳለ ጠይቁ። ሩብ ሰዓት የለመናችሁን ሽማግሌ ሩብ ሰዓት አትንፈጉት።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ የቀሩትን ሁለት መልእክቶች ታነቡላቸው ነበር... ወይስ እንደ እኔ ዝም ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ነገም ሰባት ሰዓት ላይ "አንብብልኝ" ይሉኛል።