የአናጢው ሚስት ድምፅ

አናጢው የራሱን ቤት ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ የጎረቤቶቹ ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲያደርገው፣ የሞተችው ሚስቱ፣ “መጣህ? እግርህን ጠርገህ ግባ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!” አለችው።

ድምፁ የወጣው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ክር ከሚጠቀልለው የአርባ ዓመት ሰው ነው። ወደ ሥራ ልትወጣ የምትጣደፈው እህቱ አንድ ክንዷን ኮቷ ውስጥ እንዳስገባች ደርቃ ቀረች።

ወንድሟ ኦቲዝም እንዳለበት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የራሱ ቃል ጥቂት ነው፤ የሰማውን ግን ከነቃናው፣ ከነትንፋሹ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ አብሮ የተሰማ ድምፅ ሲመጣ መልሶ ያወጣዋል። ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ፣ ከሞተች ዓመታት ያለፏት እናታቸው “እሳቱን ቀንሱ!” ትላለች። ይህን እህቱ ለምዳዋለች። እሷ ሥራ ስትሄድ እዚሁ ቤት አብራው የምትውለው የአናጢው ሚስት ነበረች፤ ባሏም ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ይል ነበር። ሚስትየው ከሞተች ወዲህ ባልየው ተተካ። “እንዲህ ያለ ደግ ሰው!” ያላለ ጎረቤት የለም።

አናጢው ቁልፉን አነሳና እንደገና ጣለው።

“መጣህ? እግርህን ጠርገህ ግባ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!”

አናጢው ባዶው ወለል ላይ እግሩን ጠረገ።

“ጋሼ፣” አለች እህቱ፣ “ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?”

“አልፎ አልፎ ነው።”

“ወንድሜ ቴፕ መሰለዎት? እኔ የሚመጡት ለሱ መስሎኝ!”

“ለሱም ነው፣ ልጄ። ምሳውን አቀርብለታለሁ፤ ጫጫታ ሲበዛበት መስኮቱን እዘጋለታለሁ። ምን አጎደልኩ?”

ምንም አላጎደለም። ያናደዳትም ይኸው ነው።

“ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ” አለች። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የቦርሳዋን ዚፕ ሳብ አድርጋ ዘጋችው።

ወንድሟ መጠቅለሉን አቆመ።

“በቃ! በቃ አልኩህ! ምን በድዬ ነው አንተን የጣለብኝ?”

የሴት ድምፅ ነው፤ የሰለቻት ሴት፣ መጨረሻው ላይ አጭር ትንፋሽ ያለበት። ይህችኛዋ ደግሞ ማን ነበረች ብላ ከሙታኑ መሃል ፈለገች። አናጢው ዓይኑን ሲሰብር አየችውና መፈለጓን ተወች፤ ድምፁ የራሷ ነው።

“እርስዎ... ሰምተውት ያውቃሉ?”

“ዚፕ በሰማ ቁጥር ነው። ለዚህ እኮ ነው ጃኬቴን ደጅ አውልቄ የምገባው።”

“አይጠፋም?”

“መጥፋት እንኳ አይጠፋም። ዚፑን እየዘጋሽ ሌላ ነገር ደጋግመሽ ብትዪው ግን ይደረብበት ይሆናል።” ቁልፉን መዳፉ ውስጥ አገላበጠው። “የኔዋ ቃሏ እንዲህ እንደሚቀር ብታውቅ ኖሮ፣ ይሄኔ ሌላ ነገር ብላልኝ ነበር።”

ረፍዶባታል። ቢሆንም ወንድሟ ፊት ቁጢጥ አለች። ዚፑን ከፈተችው፤ ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። እሱም ክሩን ጣቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ። አፏን ከፈተች። እሷ ካለፈች በኋላ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ቃል ግን አልመጣላትም።